ጋሽ ጀማልና አሮጌው ሰርቨር

ባለፈው ሳምንት የልጄን ላፕቶፕ ላሠራ ከሚሴ መናኸሪያው ጀርባ ካለች አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ጠጋኙ ከእኔ በፊት የመጣ አንድ አሮጌ ትልቅ ኮምፒውተር ከፍቶ አቧራውን በመንፊያ ሲያራግፍ፣ የጋለ ብረትና የከረመ አቧራ ሽታ ሱቋን ሞላት። አጠገቤ የቆመችው ሴት በሻሿ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔ ግን ሽታውን ስስብ ያው የድሮው ክፍል ታየኝ፤ በሩ የማይዘጋው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነው፣ ማራገቢያው እየተንቋቋ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ብቻ የሚያዛውረው ክፍል። ላፕቶፑን ትቼ ወጣሁና አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሻዩ ሲቀርብልኝ አልጠጣሁትም። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ የያዝኩትን ሁሉ እተዋለሁ።

ያ ዘመን ሞባይል በቆዳ ማህደር ቀበቶ ላይ የሚታሰርበት ዘመን ነበር። የያዘው ሰው ሲቀመጥ ድንገት ቢደወልለት ብሎ ኮቱን ወደ ኋላ ገለጥ ያደርጋል፤ የሚደወልለት ግን በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣል፣ በአንድ ብር ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ መሥሪያ ቤታችን በር ድረስ ታደርሳለች። እኛ የቢሮ ሰዎች የከሚሴን ሙቀት እያወቅን ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሰን ላባችን በጀርባችን ሲንቆረቆር እንውላለን፤ ነጋዴዎቹ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ቀልለው ሲያልፉ በልባችን እንቀናባቸዋለን። አሁን የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ጥግ ላይ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ ከጧት ጀምሮ መንዙማ ከፍቶ ክሩ የተጠላለፈበትን ካሴት በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ያቃናል። ወደ ደሴ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ድምፁን ይውጡትና ካለፉ በኋላ መንዙማው ከመሃሉ ይሰማል። ዛሬም መኪኖቹ ያልፋሉ። ሲያልፉ ግን የሚውጡት ድምፅ የለም፤ ሰው ሁሉ በየጆሮው ክር ሰክቷል።

መሥሪያ ቤታችን የጨፋ ሜዳ ገበሬ የመሬት ይዞታ የሚመዘገብበት ነበር። እኔ ከደሴ ዲፕሎማዬን ይዤ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ስቀጠር፣ ከእኔ በፊት ያን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ጀማል ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ። ጋሽ ጀማል በታይፒስትነት የገቡ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የተማሩት ከማንም አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የመጣውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ቃል በቃል እየፈቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱን የመጀመሪያ ሰርቨር፣ የሁሉንም መዝገብ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ የተከሉት፣ ገመዱን በየክፍሉ የዘረጉት፣ በወረቀት የነበረውን የገበሬ ይዞታ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሰርቨሩን ከጠረጴዛ ሥር አስቀምጠው አቧራ እንዳይገባበት ነጭ ፎጣ ያለብሱት ነበር። እኔ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን ፎጣውን አንስቼ፣ “ይሄ እኮ አየር ያሳጣዋል” አልኳቸው። “አላወቅኩም” ብለው ፎጣቸውን አጥፈው ይዘው ሄዱ። ወደ ንብረት ክፍል የሄዱት በዚያው ነው፤ የመጋዘን ቁልፍ ተረክበው የወንበርና የወረቀት ጠባቂ ሆኑ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ሰርቨር መጣልን። አሮጌው እያዘገመ፣ እየጋለ፣ አንዳንዴም ራሱን እያጠፋ ነበርና ደስ አለኝ። ሥራው የድሮውን ዶሜን ትቶ ወደ አዲሱ መዛወር ነው። ዶሜን ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ አባወራ ሥር የሚያድሩበት ቤት እንደማለት ነው። አባወራው ሰርቨሩ ነው። ጧት ኮምፒውተርህን ስትከፍት ማን ነህ ይልሃል፣ የሚስጥር ቃልህን ይሰማል፣ ካወቀህ ያስገባሃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ከድሮው አባወራ አስፈትቶ ለአዲሱ ማስረከብ ነበረብኝ። ለኃላፊያችን “በአንድ ቀን ይጠናቀቃል” አልኩት። መዝገቡን ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጥኩና ሰኞ ጧት ኮቴን አውልቄ ጀመርኩ።

ወዲያው አልሆነም። ኮምፒውተሮቹ አዲሱን ዶሜን አናገኘውም አሉ። አዲሱን ሰርቨር በቁጥሩ ስጠራው ይመልሳል፣ በስሙ ስጠራው ዝም። ከሰዓት በኋላ ገባኝ፤ ማሽኖቹ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታላቸውን ማውጫ አሁንም የሚጠይቁት ከአሮጌው ሰርቨር ነው፣ አሮጌው ደግሞ የአዲሱን ስም ሰምቶ አያውቅም። የማውጫውን አድራሻ በየማሽኑ ላይ በእጄ ቀየርኩ። አዲሱ ዶሜን ማሽኖቹን አንድ በአንድ ተቀበለ። እኔም አበቃ ብዬ ላቤን ጠረግሁ። ግን ሠራተኛው ስሙንና የሚስጥር ቃሉን ሲያስገባ፣ ዶሜኑ አይገኝም፣ መግባት አይቻልም የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አሁን ከድሮው ወጥተዋል፣ ወደ አዲሱም አልገቡም። የመዝገቡ ፕሮግራም ደግሞ የሚከፈተው በመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በኩል ብቻ ነበር። የወረቀቱን መዝገብ እንዳናይ ግማሹን ምስጥ በልቶታል።

እማማ ፋጡማን ያየሁት በዚያ ሰኞ ነው። ከሰንበቴ ከተማ በኩል በአይሱዙ ተጭነው የመጡ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። መዝገብ ክፍል የምትሠራው መዲና አግዳሚው ላይ አስቀምጣቸው በኦሮምኛ ስታነጋግራቸው ሰማሁ። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም ቦርከና ወንዝ ዳር ያለችውን መሬታቸውን የኔ ናት ብሎ ከሷቸዋል። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው።

“ይዞታሽን የሚያረጋግጥ ወረቀት አምጪ ብለውኛል” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ። “ካላመጣሁ እሱ ባመጣው ምስክር ይፈርዳሉ።”

“ነገ ይደርሳል እማማ።”

“ኢንሻአላህ” አሉና ተነሡ።

በማግስቱ ከሁላችንም ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። “ልጄ፣ ዛሬስ ነቃ?” አሉኝ። ኮምፒውተሩን እንደታመመ ከብት ነበር የሚጠይቁልኝ። አልነቃም። ገመድ ቀየርኩ፣ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡባትን ስዊች አጥፍቼ አበራሁ፣ አንዱን ማሽን ከአዲሱ አውጥቼ እንደገና አስገባሁ። ጉልበቴ በአቧራ ነጭ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ሁላችንንም ሰብስቦ ሥራው ለምን ቆመ አለ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አላወቅኩትም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ለጋሽ ጀማል ቀልላ የወጣችው ቃል ለእኔ አልወጣ አለች።

“የድሮው አተካከል ነው ያበላሸው” አልኩ። “ሁሉም በዘፈቀደ ነው የተሠራው። ሲነኩት ይፈርሳል።”

ጋሽ ጀማል ከክፍሉ መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። “እኔ ስሠራበት አልፈረሰም” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

“አሁን ፈርሷል” አለ ኃላፊው።

ረቡዕ ጧት ደብዳቤ ደረሳቸው። በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ በግዴለሽነት ጉዳት ስለማድረስ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ግልባጩ ለግል ማህደር። መዲና ናት የተየበችው። ኮምፒውተሮቹ ስላልሠሩ በአሮጌው የጽሕፈት መኪና ነው የጻፈችው፤ እየጻፈች ቀና ብላ አይታኝ መልሳ አቀረቀረች። የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ጀማል ወደ ሰርቨሩ ክፍል መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገቡም። ደብዳቤው በደረት ኪሳቸው ታጥፎ ጫፉ ይታያል።

“ሰይድ” አሉኝ። “ሰዓቱን አይተኸዋል?”

የእጅ ሰዓቴን አየሁና፣ “ለምሳ ገና ነው ጋሽ ጀማል” አልኳቸው።

አንድ ነገር የሚጨምሩ መሰለኝ። ከዚያ፣ “እሺ፣ አይዞህ” ብለው ሄዱ። እኔም ወደ ገመዴ ተመለስኩ። ይህችን ነገር ስንት ጊዜ አሰብኳት መሰላችሁ። ገብተው ቢቀመጡ፣ አንድ ቃል ቢደግሙ እላለሁ። ግን ያን ደብዳቤ በደረቱ የያዘ ሰው እስከ በሩ መምጣቱስ? እኔ ብሆን ግቢውንም አልረግጥም ነበር።

ሐሙስ ጧት እማማ ፋጡማ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ፤ ለፍርድ ቤቱ ነው። ይነቃ አይነቃ ብለው አልጠየቁኝም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። እኔ አዲሱን ሰርቨር አምጥቼ መዲና ጠረጴዛ ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ በአንድ አጭር ገመድ ከእሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ጥፋቱ ከገመድ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ። ያም እምቢ አለ። ሦስቱን ቀን እንቅልፍ አልነበረኝምና ዓይኔ ይቃጠላል።

“ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?” አሉኝ እማማ ፋጡማ።

ፊቴ ካለው የአዲሱ ሰርቨር ስክሪን ላይ ያየሁትን ሳላስብ አነበብኩላቸው። “ዘጠኝ ተኩል።”

ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። መቁጠሪያቸው ወደቀ። “ያ ረቢ፣ ቀጠሮዬ አለፈ?”

“ኧረ አላለፈም እማማ” አለች መዲና፣ የራሷን ስክሪን እያየች። “ሦስት ተኩል ነው። ተቀመጡ።”

የእሷን ስክሪን አየሁ። ሦስት ተኩል ይላል። የእኔን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል ይላል። ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሆነው ሳያቸው የሦስቱ ቀን ችግር ምን እንደሆነ ገባኝ። አዲሱ ሰርቨር ከእሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚርቅ ማሽን ሲመጣበት፣ የሚስጥር ቃሉ ትክክል ቢሆንም አያስገባም፤ በአጭበርባሪ ይቆጥረዋል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ኮምፒውተሮቻችን ግን ሁሉም በአገራችን ሰዓት ነበር የሚቆጥሩት፤ በፈረንጅ ሰዓት ከሚቆጥረው አዲሱ ሰርቨር ስድስት ሰዓት ርቀዋል። እኔ በአንዱ ሳነብ ሦስት፣ በሌላው ሳነብ ዘጠኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በሐሳቤ መቀየር ስለለመድኩ ልዩነቱ ታይቶኝ አያውቅም።

“መዲና፣ ይህን ሰዓት ማነው እንዲህ ያደረገው?”

“ጋሽ ጀማል ናቸዋ” አለች። “ፕሮግራሙ የገበሬውን የቀጠሮ ወረቀት ሲያወጣ በፈረንጅ ሰዓት ነበር የሚጽፈው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሰዉ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ቀጠሮው የጧት ነው። ከጨፋ ድረስ በእግሩ መጥቶ አለፈህ ይባላል። ስንቱ እየተመለሰ ሲሄድ አሳዘናቸውና ሰርቨሩን በኛ ሰዓት አደረጉት። የኛም ማሽኖች እሱን ተከትለው ተስተካከሉ።” ከዚያ ቀስ ብላ፣ “አልነገሩህም?” አለችኝ።

የማሽኗን ሰዓት ሦስት ተኩል የሚለውን ዘጠኝ ተኩል አደረግሁት፤ ስሟንና የሚስጥር ቃሏን አስገባች። ተከፈተ። ለሦስት ቀን የተሟገትኩት ነገር ሻይ እስኪቀዘቅዝ በማይፈጅ ጊዜ አለቀ። የእማማ ፋጡማ ይዞታ ከነስፋቱና ከነአዋሳኙ ወጣ፤ በምሥራቅ ቦርከና ወንዝ ይላል። መዲና አተመችው፣ ኃላፊው ፈረመበት፣ ማኅተም ተደረገበት። መዲና እማማን ራሷ በባጃጅ ይዛቸው ሄደች፤ ከአምስት ሰዓት በፊት ደርሰዋል። መሬቷ ከእጃቸው አልወጣችም። በሌላው ሳምንት በትንሽ ቅል ወተት ይዘውልኝ መጥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። አላህ እጅህን ይባርከው አሉኝ። አሜን አልኩ። መጋዘኑ በር ላይ ጋሽ ጀማል ወንበር ይቆጥራሉ፤ በጣቴ ላሳያቸው እችል ነበር። ወተቱን ጠጣሁ።

ለኃላፊው ያቀረብኩት ሪፖርት አንድ ገጽ አልሞላም። በሰዓት አለመጣጣም ምክንያት የተፈጠረው ችግር በባለሙያ ተፈትቷል ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱ ለምን እንደዚያ እንደነበረ፣ መዛወሩን ከመጀመሬ በፊት ማየት የነበረብኝ እኔ እንደሆንኩ አልጻፍኩም። ማስጠንቀቂያው እንዲነሣ በቃል አስረዳለሁ ብዬ ነበር፤ ነገ አልኩ፣ ከረመዳን በኋላ አልኩ፣ ከዒድ በኋላ አልኩ። ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱ ስለ ነገሩ የሚያውቀው የለም፣ ምን ብዬ ልጀምርለት አልኩ። አንድ ዓመት የቡድን መሪ ውድድር ወጣ። ጋሽ ጀማል ተወዳደሩ፤ በማህደራቸው ውስጥ ማስጠንቀቂያ ስላለ ነጥብ ተቀነሰባቸውና ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው አለፈ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያነቡ በመስኮት አየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ሽርጡን እንደሚያጠብቅ ሰው ቀበቷቸውን አጠበቁና ወደ መጋዘናቸው ሄዱ። በመጋዘን ጠባቂነት ጡረታ ወጡ። የመሸኛው ቀን ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ታማኝ ሠራተኛ ነበሩ አልኩ። ሰው አጨበጨበ።

ይህን ሁሉ ነው ሻይ ቤት ተቀምጬ የማስበው። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከባለቤቱ አንድ ወረቀት ለመንኩና እዚያው ጻፍኩ። የጥፋቱ ባለቤት እኔ እንደሆንኩ፣ የሰዓቱ ነገር ለምን እንደተደረገ፣ በስብሰባው ላይ የተናገርኩት ሐሰት እንደነበረ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደምሰጠው አላውቅም፤ ያ መሥሪያ ቤት ስሙም ቦታውም ተቀይሯል፣ ማህደሮቹም የት እንደገቡ የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ባጃጅ ይዤ ወደ ጨፋ በኩል፣ ጋሽ ጀማል ወዳሉበት ሄድኩ።

ከማሽላቸው ዳር ጥላ ሥር አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጺማቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። “አካም ጅርታ፣ ሰይድ” አሉኝ፣ እንዴት ነህ ሲሉ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሙቀቱ ተጠያየቅን። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

“ኧረ ይህን እኔስ ረስቼዋለሁ” አሉ።

“ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ጀማል።”

“ረስቼዋለሁ አልኩህ እኮ።” ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ማሽላውን እያዩ፣ የዚያን ደብዳቤ ቁጥርና የተጻፈበትን ቀን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ በቃላቸው ነገሩኝ።

“ይህን የምትነግረው ለእኔ አይደለም” አሉ። “ያን ጊዜ ደብዳቤውን ባለቤቴ ዘይነባ ከኪሴ አግኝታ ልጃችንን አስነበበችው። ንብረት አበላሸ ይላል። እንዲህ አይደለም ብያት ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው አለችኝ፣ ማኅተም ይዋሻል? እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም። ግባና ለእሷ ንገራት። በኦሮምኛ ንገራት፣ አማርኛው ይከብዳታል።”

እትዬ ዘይነባ ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ወንበር አቀረቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ሰርቨር የሚለውን ቃል በኦሮምኛ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ “መሣሪያው” አልኩ። ባላቸው ሰዓቱን የቀየሩት ገበሬው ከቀጠሮው እንዳይቀር ብለው እንደነበረ፣ እኔ ሳላይ መንካቴን፣ ከዚያም በሰው ፊት በእሳቸው ማላከኬን፣ እያወቅኩ እስከ ዛሬ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። እጃቸው በቆሎው ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጋሽ ጀማል ከኋላዬ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

እትዬ ዘይነባ አላዩኝም። ያዩት ባላቸውን ነው፤ ረዘም አድርገው አዩአቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ለእንግዳ የሚባለውን የአክብሮት ቃል አልተጠቀሙም።

“ቱርቴ” አሉኝ። ዘገየህ።

በእጃቸው የያዙትን በቆሎ አስቀመጡና ተነሥተው ወደ ጋሽ ጀማል ሄዱ። እኔ ወጣሁ። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበር።